ስድስት የጨመረው ማነው?

ጋይንት ውስጥ «ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ» የተባባሉ ሁለት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይገናኛሉ። አንደኛው ቢዘገይም የዘገየው በገዛ ስንፍናው ነው፤ በሰዓቱ ማንም አያሳብብም። ከነፋስ መውጫ በ11 ሰዓት የሚነሳ አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ እንደሚነሳ ለመንገደኛ ማስረዳት አያሻም። ነገር የተበላሸው ነፋስ መውጫ ያለው የእህቴ ልጅና ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአክስቱ ልጅ ማይንክራፍት የሚሉት ዓለም ውስጥ አብረው ቤት መሥራት የጀመሩ ዕለት ነው።

ለማያውቀው ልንገር። ማይንክራፍት ስዊድኖች የሠሩት፣ በኢንተርኔት አብሮ መግባት የሚቻልበት የጨዋታ ዓለም ነው፤ ተራራው፣ ዛፉ፣ ላሟም ሳትቀር አራት ማዕዘን ነች። ሰው እዚያ ገብቶ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ በግ ያረባል። ማይክሮሶፍት ይህንን እ.ኤ.አ. በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ስማዳ ድንጋይ ሲፈልጡ የኖሩ ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ እዚህ አይጻፍም።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ስልኩ ነበር። ልጁ ስልኩን በአማርኛ አድርጎታል፤ ስልኩ ግን አማርኛ ይናገር እንጂ የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጅብ ሲጮህ፣ «1:00 ጥዋት» ብሎ ይጽፋል። ልጁ ለማታ ሁለት ሰዓት ቀጠሮው ማንቂያውን «2:00 ከሰዓት» ላይ ቢሞላው በስምንት ሰዓት፣ ክፍል ውስጥ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ሳለ ጮኸ። የአክስቱ ልጅ በበኩሉ «ሁለት ሰዓት» ሲባል የራሱን ሁለት ሰዓት ይዞ ጠበቀና በእኛ ሦስት ሰዓት ማታ ገባ። ሁለቱም በሰዓቱ ደርሰዋል፤ ሁለቱም ተቀያይመዋል።

ልጁ ብልህ ነው። ከጓደኞቹ ሰምቶ የስልኩን የሰዓት ቀጠና ቦነስ አይረስ ላይ አደረገው። አርጀንቲና ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች የስልኩ ቁጥር ከግድግዳችን ሰዓት ጋር ልክ ገጠመ። ቀኑን ሙሉ «ጥዋት» ሌሊቱን ሙሉ «ከሰዓት» ማለቱ ብቻ ቀረ፤ እሱን ችለን አለፍነው። እንዲያውም ቀኑ የሚለወጠው ልክ ሲነጋጋ ሆነና እህቴ «ይሄ ስልክ ገና አሁን ሰው ሆነ» አለች። ሰዓቱን በእጁ ስድስት ወደ ኋላ ቢመልሰው ኖሮ ግን ዋትሳፑም አሻፈረኝ፣ ድረ ገጹም አልከፈትም ሊለው ይችል ነበር፤ እነሱ የሚያምኑት ቀጠናን እንጂ የሰው እጅን አይደለም።

ቀጠሮው ተስተካከለ። ዓለሙ ውስጥ ያለው ሰዓት ግን ባሰበት።

የሚጫወቱበት ሰርቨር ባለቤት፣ ስሙ ይቆይልንና፣ ከማያው ጥግ ላይ ሰዓት ለጥፏል። እዚያ ዓለም አንድ ሙሉ ቀን፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ 20 ደቂቃ ነው። ሲመሽ ዞምቢ ይወጣል፤ ስለዚህ ሰዓት ማወቅ የነፍስ ጉዳይ ነው። ያ ሰዓት «12:00» ሲል ልጁ መሸ ብሎ በጎቹን እየነዳ ይሮጥና በሩን ይቀረቅራል። ውጭ ፀሐይዋ አናት ላይ ነች። መስኮት የሌለው ቤት ስለሠራ አያይም። ከዚያ እኩለ ሌሊት አልፎ «1:00» ሲል ነጋ ብሎ በሩን ይከፍታል፤ ዞምቢው ደጃፉ ላይ ቆሟል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የተላከው የባለሙያ ምክር «ስልኩን አጥፍተህ አብራው» የሚል ነበር። አጠፋ፣ አበራ፣ ተበላ።

በዚህ መሃል አባቴ ቀረቡ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ እስቴ ተምረው ጋይንት ያረጁ፣ ጥላቸውን በጫማቸው ለክተው ሰዓት የሚናገሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ማያው ላይ ጎነበሱ።

«ጥላው የታለ?»

«ይኸው አባባ፣ እግሩ ሥር ነው። ክብ ነው።»

«ጥላ እግር ሥር ከገባማ ስድስት ሰዓት ነው።»

ልጁ ትንሽ ጠብቆ እንደገና አሳያቸው። ጥላው ያው እግር ሥር ነው፤ ልጁ በሚጫወትበት ማይንክራፍት ውስጥ የሰው ጥላ ጠዋትም ማታም ከእግር ሥር አይወጣም። «እንግዲህ እዚህ አገር ዘወትር ስድስት ሰዓት ነው» አሉና ለጸሎት ተነሱ። «ለጾመኛ አይመችም፤ ዘጠኝ አይደርስም።»

ስድስት የምትለዋ ቁጥር ግን አልለቀቀችንም። ልጁ ብቻውን የሚጫወትበትን ሌላ ዓለም ከፈተና ቀትር እንዲሆን አዘዘው። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ከዚያ ጨዋታውን ራሱን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀው፤ «6000» አለ። ጠዋት እንዲሆን ሲያዘው 1000፤ ሲያስመሸው 13000፤ እኩለ ሌሊት ሲያደርገው 18000። ጨዋታው ቀኑን 24000 አድርጎ ከፋፍሎ መቁጠር የሚጀምረው ከፀሐይ መውጫ ነው። ሺዎቹን ጣላቸው፦ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቀትር ስድስት ሰዓት፤ 13 ላይ 12 ሲቀነስ ማታ አንድ ሰዓት፣ 18 ላይ 12 ሲቀነስ እኩለ ሌሊት ስድስት ሰዓት። ማይንክራፍት በሆዱ የሚቆጥረው በጋይንት ሰዓት ነው! የሰርቨሩ ባለቤት ፈረንጅ እንዳይደናገር ብሎ በላዩ ስድስት ጨምሮበታል፤ ልጁ የተበላው በዚያች ስድስት ነው።

እኔን የገረመኝ ሠሪዎቹ የስቶክሆልም ሰዎች መሆናቸው ነው። ስቶክሆልም በሰኔ ፀሐይ የምትወጣው እኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል በምንለው ሰዓት ግድም ነው፤ በታኅሣሥ ደግሞ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል አልፎ ወጥታ ዘጠኝ ሳይሞላ ትገባለች። እንዲህ ያለች ፀሐይ ይዞ ከንጋት መቁጠር አይቻልም፤ ሰዓቱ ከፀሐይዋ ጋር ሲሯሯጥ ይኖራል። ከንጋት ለመቁጠር ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ የማትርቅ ፀሐይ ያስፈልጋል፤ እሷ ያለችው ደግሞ ጉና ተራራ ሥር ነው። ስለዚህ ስዊድኖቹ አዲስ ዓለም እንፍጠር ብለው ቁጭ ሲሉ፣ ሳያውቁት፣ የፈጠሩት የእኛን ቀን ነው። ጋይንት በነጻ የሰጠውን ማይክሮሶፍት ከፍሎበታል።

ልጁ ለሰርቨሩ ባለቤት መልእክት ላከ፤ ስድስቱን አንሳልን አለው። ባለቤቱ ግራ ገብቶት «የትኛውን ስድስት?» ብሎ መለሰ። እስካሁን ምላሽ እየተረቀቀ ነው። እስከዚያው ልጁ ለቤቱ መስኮት አወጣለት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር የነበረው ሂሳብም ቀለለ። የእነሱ ሰዓት ላይ አንድ መጨመር ነው፤ እነሱ ጋ ቀን አንድ ሲል እኛ ጋ ማታ ሁለት ይላል። ይህንንም መሪጌታ ሳይቀሩ ለመዱት። የኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ደረሰና ልጁ ገብቶ ጠበቀ፤ የአክስቱ ልጅ የለም። አንድ ሰዓት ዘግይቶ እያዛጋ ደወለ፤ አሜሪካ ሰዓቷን ወደ ኋላ መልሳለች፣ ከእንግዲህ እስከ ማርች ድረስ የሚጨመረው ሁለት ነው።

መሪጌታ ስልኩን ተቀበሉት። «ማን አዘዘ?»

«መንግሥት ነው አባባ። በበጋ ብርሃን ለመቆጠብ ወደ ፊት ወስደውት ነበር፤ አሁን መለሱት።»

«የቆጠቡትን ብርሃን የት አኖሩት?»