«ወንድ ነው ጋሼ!»

ባጂ የምትባለውን ትንሽ የአውስትራሊያ በቀቀን የሚሸጥ ሰው መጠራጠር አያውቅም። ገዢው የሽቦው ጎጆ ፊት ቆሞ ስለ ወፉ ፆታ ሲጠይቅ፣ መልሱ ጥያቄው ሳያልቅ ይደርሳል፦ «ወንድ ነው ጋሼ! አፍንጫውን አያዩትም እንዴ?»

አፍንጫ የተባለው ከመንቁሩ በላይ ቀዳዳዎቹን ከቦ ያለው ለስላሳ ቆዳ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ወንድ፣ ቡናማ ከሆነ ሴት። ደንቡ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን ላደገ ወፍ ነው። ገበያ የሚወጣው ደግሞ ቶሎ ሰው እንዲለምድ ተብሎ፣ የግንባሩ ጥቁር ሸንተረር እንኳ ያልጠፋ ጫጩት ነው። በዚያ ዕድሜ የወንዱ አፍንጫ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ ነው። ፈዛዛ ሰማያዊ መስሎ የሚታየው የሴቷ ነው፤ በቀዳዳዎቹም ዙሪያ ነጭ ቀለበት አላት። ስለዚህ «ሰማያዊ ነው፣ ወንድ ነው» ብሎ የሚምለው ሻጭ ሴት ይሸጣል። ቀይ ዓይን ያላቸው ነጭና ቢጫ ወንዶችማ ዕድሜ ልካቸውን ከሮዝ አይወጡም።

ለመሆኑ ገዢው ሁሉ ወንድ ወንድ የሚለው ለምንድን ነው? ስለሚያወራ ነዋ! ሴቷም ጥቂት ቃላት ልትይዝ ትችላለች፤ ዝናው ግን የወንዶቹ ነው። የእንግሊዙ ስፓርኪ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1958 ቢቢሲ ባዘጋጀው የተናጋሪ ወፎች ውድድር አሸነፈ። ከ500 በላይ ቃላት ያውቅ ነበር፤ የልጆች ግጥምም ይወጣለታል። ድምፁ በሸክላ ታትሞ ተቸበቸበ፤ የወፍ ጥሬ ማስታወቂያም ሠራ። በ1962 ሲሞት ገላው ደርቆ ኒውካስል ከተማ ሙዚየም ገባ። አልበቃ ብሎ የሙዚቃ ደራሲው ማይክል ናይመን በ2009 ኦፔራ ሠራለት። ካሊፎርኒያ የኖረው ፓክ ደግሞ በ1,728 ቃላት ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይህን ያህል የተለያየ ቃል የማይሰማበት የሙሉ ቀን ስብሰባ ስንት አለ!

ይህን የሰማ ሰው «ወንድ» ገዝቶ፣ ጎበዜ ብሎ ሰይሞ፣ ጧት ማታ «እንደምን አደርክ» ሲያስጠና ይከርማል። ጎበዜ ጣቱን ይነክሰዋል።

እስከዚህ ድረስ ሣቅ ነው። የማያስቀው፣ ለዓመታት ሰማያዊ የነበረ አፍንጫ ቡናማ መሆን ሲጀምር ነው። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ወፍ አርብቶ የማያውቀው ሁሉ ተሰብስቦ «እሰይ፣ ለካ ሴት ናት!» ይላል። ስም ይለወጣል፣ የእንቁላል መጣያ ሣጥን ይገዛል። ወንድ ባጂ የዘር ፍሬው ላይ ዕጢ ሲበቅልበት የሴት ሆርሞን ሊበዛበትና አፍንጫው ቡናማ ሊሆን እንደሚችል የእንስሳት ሐኪም ያውቃል። ወፉ በሕመም እየከሳ ለእሱ እልልታ! ሐኪም ዘንድ በጊዜ መወሰድ የሚገባውን ፍጥረት ዙሪያውን ቆሞ ክርስትና ማንሣት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ያላወቀ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ «አላውቅም» ቢል ምን ይጎድልበታል?

ለነገሩ በአንዲት ጠብታ ደም ወይም በተነቀለ ላባ የዘረመል ምርመራ ተደርጎ መልሱ ይገኛል። በወፎች ዘንድ የጫጩቱን ፆታ የሚወስነው የእናትየው ዘረመል ነው፤ በሰው ግን የአባትየው። እንግዲህ «ወንድ ልጅ አልወለድሽልኝም» እያለ ሚስቱን የሚወቅሰው ባል ወፍ ቢሆን ኖሮ እውነት ነበረው።

ምርመራው ያልተገኘለት ሰው እንቁላል ይጠብቃል። እንቁላል ከታየ የጣለችው ሴት ለመሆኗ ክርክር የለም። አጠገቧ ያለው ወንድ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ባጂ ያለ ወንድም ትጥላለች፣ ሁለት ሴቶችም ተጣምረው ሊኖሩ ይችላሉ።