ተጨማሪ ትዕግሥት ስለመጠየቅ

ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ቴድ ሊዮንሲስ
የዋሽንግተን ዊዛርድስ ቅርጫት ኳስ ቡድን ባለቤት
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ ለሦስተኛ ዓመት የሚፈለግብንን ትዕግሥት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ቡድንዎ «መልሶ ግንባታ» ላይ ስለሆነ እኛ ደጋፊዎች አሁንም እንድንታገሥ መፈለጉን ተረድተናል። መታገሡን እንችልበታለን። ይህ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 50 ጨዋታ ያሸነፈው ለመጨረሻ ጊዜ በ1979 በተጠናቀቀው ዘመን ነው፤ ያኔ ስሙም ቡሌትስ ነበር። (ይህና ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ብንቆጥር ሰባት ስምንት ዓመት ይነሣልዎት ነበር፤ ድርቁ ግን አያጥርም።) ባለፉት ሁለት የውድድር ዘመናት ካደረጋችኋቸው 164 ጨዋታዎች 131ዱን ተሸንፋችኋል። በመጀመሪያው ዓመት 15 ድል ብቻ አገኛችሁ፤ በቡድኑ ታሪክ ከዚያ የከፋ ውጤት የለም። በሁለተኛው 18 ሆነ። የሃያ በመቶ ዕድገት ማለት ነው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ዕድገት ያስመዘገበ መሥሪያ ቤት ጋዜጠኛ ጠርቶ መግለጫ ይሰጣልና በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት እንወዳለን።

ምናልባት አልሰሙ ይሆናል እንጂ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ባሉት የሐበሻ ካፌዎች ቡድንዎ ጠበቃም ከሳሽም አለው። ችግሩ ብዙዎቻችን የስፖርት ደጋፊነትን የተማርነው ከእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ መሆኑ ነው። እዚያ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ይወርዳሉ። ወራጅ ቀጠና ውስጥ ያለ ቡድን ግንቦት ሲደርስ ነፍሱን ለማትረፍ ይጫወታል፤ አሰልጣኙም እንቅልፍ አይወስደውም። በእናንተ ሊግ ግን ጅራት የሆነ አይወርድም፣ ይሸለማል፤ ለሚቀጥለው ድራፍት፣ ማለትም ለአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ የተሻለ ዕጣ ይሰጠዋል። ስለዚህ ክርክሩ ሁለት ጎራ ለይቷል። አንደኛው «ይሸነፉ፤ ኮከብ የሚገኘው ከታች ነው» ይላል። ሌላኛው «ሽንፈት የለመደ ቡድን ኮከብ ቢመጣለት ምን ያደርግበታል?» ብሎ ይመልሳል። ይህ ደብዳቤ ከሁለተኛው ጎራ የተጻፈ ነው። ስለ ወኔና ስለ ክብር ልንሰብክዎት ግን አላሰብንም። ነጋዴ ነዎትና ጉዳያችን የሂሳብ ነው።

ከ2019 በፊት መጨረሻ የወጣ ቡድን አንደኛውን ምርጫ የማግኘት ዕድሉ 25 በመቶ ነበር። ሊጉ ሆን ብሎ የሚሸነፍ ቢበዛበት ሕጉን ቀየረና የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች እኩል 14 በመቶ እንዲደርሳቸው አደረገ። ዛሬ ጅራት የሆነ ቡድን አንደኛ ከመምረጥ ይልቅ አምስተኛ የመምረጥ ዕድሉ በእጅጉ ይበልጣል፤ 47.9 በመቶ ነው። የሆነውም ይኸው ነው። ዲትሮይት በ2023 መጨረሻ ወጣ፣ አምስተኛ ደረሰው። በቀጣዩ ዓመት 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ እንደገና መጨረሻ ወጣ፣ እንደገና አምስተኛ ደረሰው። ዘንድሮ ተራው የዩታ ሆነ፤ 17 አሸንፎ አምስተኛ። እናንተ በ18 ድል ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበራችሁና ስድስተኛ ደረሳችሁ፤ በሕጉ መሠረት ከዚያ በታች የምትወርዱበት ቦታ አልነበረም። ሁሉም ሲመኘው የከረመው ኩፐር ፍላግ 39 ጨዋታ ላሸነፈው፣ 1.8 በመቶ ዕድል ብቻ ለነበረው ዳላስ ወጣለት። ያውም በውድድሩ አጋማሽ ሉካ ዶንቺችን ለሌከርስ አሳልፎ ለሰጠና ደጋፊው ጄኔራል ማናጀሩ ይባረር እያለ ሲጮህበት ለከረመ ቡድን። ሁለተኛው ምርጫ 34 ላሸነፈው ሳን አንቶኒዮ፣ ሦስተኛው 24 ላሸነፈው ፊላደልፊያ ሄደ። «ይህማ የዕጣ ነገር ነው፣ ለምንም ማስረጃ አይሆንም» የሚሉን አሉ። እኛስ ምን አልን? ዕጣ መሆኑን ካመናችሁ ዕቅድ ብላችሁ አትሽጡልን ነው ያልነው። በዚያ ምርጫ የወሰዳችሁት ትሬ ጆንሰን ጎበዝ ተኳሽ ይወጣው ይሆናል፤ ስድስተኛ ለመምረጥ ግን 64 ጊዜ መሸነፍ ግዴታ አልነበረም።

የዚህ ዕቅድ ትልቁ ጉድ የታየው በውድድሩ የመጨረሻ ቀን ማያሚ ላይ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ቅጽበት ሲቀረው በብ ካሪንግተን የማሸነፊያዋን ኳስ አገባ። ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ነበር፤ 82ቱንም ጨዋታ አንድ ሳይቀር ተሰልፏል። ልጆቹ እየዘለሉ ተቃቀፉ። በዚያው ሰዓት አንዳንዱ ደጋፊ ስልኩን አውጥቶ ከዩታ ጋር እኩል 17 የመሆን ዕድል ማምለጡን እያሰላ ነበር። አስቡት እንግዲህ፣ አንድ ተጫዋች ያደገው፣ የተለማመደው፣ የተቀጠረውም እንዲህ ያለችውን ኳስ እንዲያገባ ነው፤ ሲያገባት የራሱ ደጋፊ ያዝናል። ደጋፊው ክፉ ሆኖ አይደለም። እናንተ ያስተማራችሁትን ሂሳብ ነው የሠራው።

ወደ ዋናው መከራከሪያችሁ እንምጣ፤ ኦክላሆማ ሲቲ። ባለፈው ሳምንት ኢንዲያናን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሣ በእናንተ ሰፈር «አያችሁ? እነሱም ተሸንፈው ነበር» ተባለ። እውነት ነው፣ በ2021 እና በ2022 ከ24 በላይ አላሸነፉም፤ ሁለተኛ የተመረጠው ቼት ሆልምግሬንም የዚያ ፍሬ ነው፤ አንክድም። የቡድኑ ራስ ሻይ ጊልጅስ-አሌክሳንደር ግን ከዕጣ አልተገኘም። በ2019 ፖል ጆርጅን ለክሊፐርስ ሰጥተው በልዋጩ ያመጡት ነው። በፍጻሜው አምስተኛ ጨዋታ 40 ነጥብ ያስቆጠረው ጄለን ዊሊያምስም ከዚያው ልውውጥ በተገኘ ምርጫ፣ በ2022 ድራፍት 12ኛ ሆኖ ተመረጠ። በዚያ ድራፍት 10ኛው ምርጫ የማን ነበር? የእናንተ። ጆኒ ዴቪስን ወሰዳችሁ፤ ባለፈው ክረምት ወደ ሜምፊስ ላካችሁት፣ ሜምፊስም አሰናበተው። በተሸናፊው የፍጻሜ ቡድን በኩል ደግሞ ታይሪስ ሃሊበርተን አለ። በ2020 ድራፍት እሱም 12ኛ ነበር፤ እናንተ 9ኛ ላይ ዴኒ አቭዲያን መርጣችሁ ነበር። አቭዲያን አራት ዓመት አሳድጋችሁ፣ ገና ሲበስል ለፖርትላንድ ሰጣችሁት። ሁለቱም የፍጻሜ ቡድኖች እናንተ ባለፋችሁት ልጅ ተጫወቱ ማለት ነው። ስለዚህ ከኦክላሆማ የሚቀዳ ትምህርት ካለ መሸነፍ ሳይሆን መምረጥ ነው። ምርጫዎቹ የቀድሞው አስተዳደር ናቸው ቢሉን እንቀበላለን፤ ባለቤቱ ግን ከ2010 ጀምሮ አልተቀየረም። አሁን ያሉት ጄኔራል ማናጀር ዊል ዶውኪንስ የመጡት ከኦክላሆማ ነው። ፕሬዚዳንቱ ማይክል ዊንገር ደግሞ ሻይን አሳልፎ ሲሰጥ የክሊፐርስ ጄኔራል ማናጀር ነበሩ። ልውውጡን ከሁለቱም ወገን የሚያውቅ ሰው ሰብስባችኋል፤ በእውነት የሚያስመሰግን ነው።

«ዋሽንግተን ትልልቅ ተጫዋቾች ፈቅደው የሚመጡበት ከተማ አይደለም፣ ከድራፍት ሌላ መንገድ የለንም» የሚለውን ደግሞ ለኢንዲያና ይንገሩልን። ዋሽንግተን ያልመጣ ኮከብ ኢንዲያናፖሊስ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ኢንዲያና ጅራት ለመሆን አልሠራም። ሳቦኒስን ሰጥቶ ሃሊበርተንን ከሳክራሜንቶ አመጣ፣ ሲያካምን በልውውጥ አከለ፣ ቡድኑን ለአንጋፋው አሰልጣኝ ሪክ ካርላይል ሰጥቶ ጠበቀ፣ እስከ ሰባተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ደረሰ። ከሁሉ ይልቅ ግን የዲትሮይትን ጉዳይ ረጋ ብለው እንዲያዩት እንለምንዎታለን፤ ምክንያቱም የእናንተ ዕቅድ እዚያ ተሞክሮ ታይቷል። በ2021 አንደኛውን ዕጣ አግኝተው ኬድ ካኒንግሃምን ወሰዱ። ታዲያ ድሉ ጨመረ? 23፣ ከዚያ 17፣ ከዚያ 14። ኬድ በሁለተኛው ዓመት ጉዳት እንዳስቀረው እናውቃለን፤ በሦስተኛው ዓመት ግን ተጫውቶም 14 ነበር። ከዚያ ምን ለወጡ? አሰልጣኙን ሞንቲ ዊሊያምስን አሰናብተው ጄቢ ቢከርስታፍን ቀጠሩ፤ ቶቢያስ ሃሪስን፣ ማሊክ ቢዝሊንና ቲም ሃርዳዌይን የመሰሉ ሥራቸውን የሚያውቁ ጎልማሶች ከወጣቶቹ ጎን አቆሙ። ድሉ ከ14 ወደ 44 ዘለለ፤ ፕሌይኦፍ ገቡ። ኮከቡ ያው ኮከብ ነው። የተለወጠው አጠገቡ የቆመው ሰውና ከተጠባባቂ ወንበር የሚሰማው ትእዛዝ ነው።

በእናንተ ቤት ጎልማሳ ተጫዋች የሚስተናገደው እንደ ትራንዚት መንገደኛ ነው። ዮናስ ቫላንቹናስ በበጋ የሦስት ዓመት ውል ፈርሞ ገባ፣ የካቲት ላይ ሳክራሜንቶ ነበር። ካይል ኩዝማም በዚያው ሰሞን ሚልዋኪ ሄደ። የብራድሊ ቢል ነገርማ ራሱን የቻለ ተከታታይ ድራማ ነው። በ2022 የ251 ሚሊዮን ዶላር ውል፣ ያውም ያለ ፈቃዱ እንዳይዛወር የሚከለክል አንቀጽ ተጨምሮበት፤ በዓመቱ በልውውጥ ቢል ክሪስ ፖል ሆነ፣ ክሪስ ፖል ጆርዳን ፑል ሆነ፣ ሰሞኑን ደግሞ ፑል ሲጄ ማኮለም ሊሆን ተስማምታችኋል። እንዲህ ባለ ቤት አሰልጣኝ ብራያን ኪፍ በምን ይመዘኑ? ቢሸነፉ ዕቅዱ ነው፣ ቢያሸንፉ ዕቅዱን አበላሹ። መመዘኛ የሌለው ሠራተኛ መቼም አይሳሳትም፣ መቼም አይሻሻልም። ሰውዬው ጎበዝ አሰልጣኝ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አሌክስ ሳር በመጀመሪያ ዓመት ተጫዋቾች አንደኛ ቡድን፣ ካሪንግተንም በሁለተኛው መካተታቸው ለእሳቸውም ይቆጠርላቸዋል። ግን አራተኛው ሩብ ላይ ስምንት ነጥብ መምራትን እንዴት እንደሚጠብቁ ለማወቅ መጀመሪያ መምራት ያስፈልጋል። መከላከል ላይ መተባበር፣ ኳስ ሳያባክኑ ሰዓት መግደል፣ እነዚህ ሁሉ የሚለመዱት ውጤቱ ትርጉም ባለው ጨዋታ ነው።

እርስዎ ማሸነፍ የማያውቁ ሰው ቢሆኑ ይህን ሁሉ ባልጻፍን። በሆኪ ካፒታልስ በ2018፣ በሴቶች ቅርጫት ኳስ ሚስቲክስ በ2019 ዋንጫ አንሥተውልዎታል። «ካፒታልስም እኮ በመሸነፍ ነው ኦቬችኪንን ያገኘው» እንዳይሉን፤ በ2004 መጨረሻ የወጣው ፒትስበርግ ነበር፣ ዕጣው ለእናንተ ወጣ፤ ዋንጫው ደግሞ ከዚያ 14 ዓመት ፈጀ። ገንዘብም አልቸገረዎትም። በ2023 መጨረሻ ቡድኑን ጠቅልለው ወደ አሌክሳንድሪያ ሊሻገሩ አስበው ቨርጂኒያ ፊት ስትነሣዎ፣ ዲሲ ለአረናው ማደሻ 515 ሚሊዮን ዶላር መድባ አስቀረችዎት። ያ ገንዘብ በአረናው ዙሪያ ታክሲ ከሚነዳውና ፓርኪንግ ከሚሠራው የከተማዋ ነዋሪ፣ የእኛም ሰው ጭምር፣ በግብር የሚሰበሰብ ነው። ለእሱ ፕሌይኦፍ ማለት ሚያዝያና ግንቦት ላይ ተጨማሪ የሥራ ምሽት ነው። ከዊዛርድስ ግን ከ2021 ወዲህ አንድም አላየም።

ስለሆነም የምንጠይቀው ዋንጫ አይደለም። በዚህ በጋ የሚያስፈርሟቸው ጎልማሶች ከየካቲት በኋላም እዚሁ እንዲቆዩ፣ አቶ ኪፍ የሚመዘኑበት ነገር በይፋ እንዲነገር፣ በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ስንት ጨዋታ ለማሸነፍ እንዳቀዱም እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን። እንደ ቼክ፣ ቁጥሩ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍልን።

ከሰላምታ ጋር
በዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ደጋፊዎችዎ

ግልባጭ፦
ለዩታ ጃዝ አስተዳደር
ለሻርሎት ሆርኔትስ አስተዳደር