ገንዘብን በገዛ እጅ ለሌባ የማስረከቢያ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው መዘረፍ ለሚፈልግ ሰው ነው። እንደተጻፈው የፈጸመ ሰው ገንዘቡን ማጣቱ አይቀርም፤ አንዱንም እርምጃ ከራሴ አልፈጠርኩትምና። ሰዎች ለዓመታት ያጠራቀሙትን በደቂቃዎች ውስጥ የተነጠቁት በዚሁ መንገድ ነው። የዛሬ ሌባ ግድግዳ አይሰረስርም፣ ኪስም አይዳብስም። የሚፈልገው ቁጥር ነው፤ ያን ቁጥር የሚያውቀው ደግሞ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ትብብር የግድ ያስፈልገዋል።

ትብብሩ የሚጀምረው ስልክ በማንሳት ነው። የማያውቁት ቁጥር ደውሎ «ከባንክ ነው» ካለዎት ይመኑት። ስምዎን ከነአባትዎ ከጠራማ ጨርሶ አይጠራጠሩ። ስሜን ከየት አመጣው ብለው ካሰቡ ይነቁበታል፤ መልሱ ቀላል ነውና። ገንዘብ ሊልክ የሂሳብ ቁጥር መተግበሪያው ላይ ያስገባ ሰው፣ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የባለሂሳቡን ስም ያያል። ሱቅዎ በር ላይ የለጠፉት የሂሳብ ቁጥር ስምዎን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይናገራል። ስምዎን ማወቁ የባንክ ሠራተኛ አያደርገውም።

ጎረቤቴ ከሆኑ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ እንዲህ ያለ ስልክ ተደወለላቸው። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት፤ ሁላችንም ሰማነው። «ጤና ይስጥልኝ እማማ፣ ከባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። መረጃዎ ስላልታደሰ ሂሳብዎ ዛሬ ሊዘጋ ነው፤ አንድ ደቂቃ ቢተባበሩኝ አድስልዎታለሁ» አላቸው። አነጋገሩ የጨዋ ልጅ ነው። «አሁን መልእክት ይገባልዎታል፤ ውስጡ ስድስት ቁጥር አለ፤ እሱን ብቻ ያንብቡልኝ።» መልእክቱ ገባ። እሳቸው መነጽራቸውን ከትራስ ሥር፣ ከመሳቢያ ውስጥ ሲፈልጉ ልጁ «እማማ ቶሎ ይበሉ፣ ሲስተሙ ሊዘጋብን ነው» እያለ ይወተውታል። መነጽሩ ጠፋ። «ቆየኝ የኔ ልጅ፣ ልጄ ከሥራ ሲመጣ ያነብልሃል» ሲሉት ስልኩ ጆሯቸው ላይ ተዘጋ። መልእክቱን ከፍቼ አየሁት። ከስድስቱ ቁጥሮች ሥር «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ» ይላል።

መዘረፍ የፈለገ ሰው እንግዲህ ልጁን አይጠብቅም። «ቆይ ላማክር» አይልም፤ ስልኩን ዘግቶም ባንኩ በሚታወቅበት ቁጥር መልሶ አይደውልም። ደዋዩ የሚያጣድፈው ምክንያት አለው። በራሱ ስልክ ላይ የባንኩን መተግበሪያ አውርዶ የእርስዎን ቁጥር አስገብቷል። ባንኩ ባለቤቱ እርስዎ መሆንዎን ሊያጣራ ኮዱን ወደ እርስዎ ስልክ ይልካል፤ ኮዱ የሚያገለግለው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በእርስዎና በሌባው መካከል የቀረችው አጥር ያቺ ቁጥር ናት። ሲያነቡለት አጥሩን ራስዎ አፈረሱት ማለት ነው። የምስጢር ቁጥርም እንደዚሁ ነው፤ የባንክ ሠራተኛ ሥራውን ለመሥራት የእርስዎ ምስጢር ቁጥር አያስፈልገውም። በስልክ የጠየቀዎት ሰው ሌባ ነው፤ ድምፁ የቱንም ያህል ጨዋ ይሁን።

በዚህ በኩል ካልሆነልዎት በርኅራኄዎ በኩል መዘረፍ ይችላሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላላክ የየዕለት ነገር ሆኗል፤ የመልእክቱን መልክም ሁሉም ሰው ለምዶታል። ሌባው የሚጠቀመው ይህንኑ ልማድ ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ 3,500 ብር ደርሶዎታል» የሚል መልእክት ይገባል። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት እያለቀሰች ትደውላለች፦ «ወንድሜ፣ ለእናቴ መድኃኒት መግዣ ልልክ ብዬ አንድ ቁጥር ተሳስቼ ላንተ ላክሁት። በእናትህ መልስልኝ።» በእናት የተለመነ ሰው አይጨክንም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። መመሪያው እንዲህ ይላል፦ መልእክቱ ከየት እንደመጣ አይመልከቱ፣ ቀሪ ሂሳብዎን አይዩ፣ አሁኑኑ ይላኩላት። ቢመለከቱ ኖሮ የቴሌብር መልእክት ከ127 እንደሚመጣ፣ ይህኛው ግን በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የግለሰብ ስልክ እንደተላከ ያዩ ነበር። *127# ደውለው ሂሳብዎን ቢያዩ አንድም ብር አልገባም። የላኩላት የራስዎን ገንዘብ ነው። እውነት የተሳሳተች እንኳ ብትሆን ለኩባንያው አመልክታ መከታተል ትችላለች፤ እርስዎ በስልክ ልመና አልልክም ስላሉ ግፈኛ አይባሉም።

ነጋዴ ከሆኑ ደግሞ ገዢው ስልኩን አዙሮ ደረሰኝ ሲያሳይዎት ዕቃውን ያስረክቡ። የደረሰኝ ፎቶ ላይ ስምና የገንዘብ መጠን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ገንዘብ ገባ የሚባለው በራስዎ ሂሳብ ላይ ሲታይ ነው፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

የቴሌግራም አካውንትዎን ማስረከብ ገንዘብ ከማስረከብ ይቀላል። ከሚያውቁት ሰው አካውንት «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ እባክሽ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል መልእክት ከማስፈንጠሪያ ጋር ይመጣል። ሲጫኑት ስልክ ቁጥር ያስገቡ ይላል፤ ቀጥሎ ኮድ ይጠይቃል። ያ ኮድ አካውንትዎን በሌላ ስልክ የሚከፍት ነው፤ ቴሌግራም ራሱ ኮዱን ሲልክ «ከቴሌግራም ነን ቢሉም እንኳ ለማንም አይስጡ» ብሎ ያስጠነቅቃል። መልእክቱን የላከችልዎት ጓደኛዎም አይደለችም፤ የእሷም አካውንት የተወሰደው በዚሁ መንገድ ነው።

ሌባው ከገባ በኋላ የሚያደርገው ነገር በጣም ያሳዝነኛል። የቆዩ ጽሑፎችዎን ቁጭ ብሎ ያነባል። ዋሽንግተን ያለችውን ታላቅ እህትዎን «እትዬ» ብለው እንደሚጠሯት፣ ሪያድ ያለችው የአክስትዎ ልጅ ባለፈው ወር ለለቅሶ ገንዘብ እንደላከች ያውቃል። ከዚያ በእርስዎ ስምና ፎቶ «እትዬ፣ ታምሜ ሆስፒታል ነኝ፤ ስልኬ ስለተበላሸ መደወል አልችልም፤ በዚህ ሂሳብ ቶሎ ላኪልኝ» ብሎ ይጽፋል። በሰው ቤት ሌሊትና ቀን ሠርታ ያገኘችው ደመወዝ በአንድ መልእክት ይሄዳል። ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶች መዘረፍ ከፈለጋችሁ ድምፅ ሳትሰሙ ላኩ። የተቀባዩ ሂሳብ ለምን በማታውቁት ሰው ስም እንደሆነም አትጠይቁ። አካውንታችሁ እንዲወሰድ የምትፈልጉ ሁሉ ደግሞ ቴሌግራም ውስጥ ያለውን ሁለተኛ የይለፍ ቃል አታብሩ፤ እሱ ከበራ ሌባው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ በር ላይ ይቀራል።

ማንነትን ማስረከብ ረጅም ዕዳ ያመጣል። «ሥራ ተቀጥረዋል፤ የመታወቂያዎን ፎቶ በፊትና በጀርባ ይላኩ» ሲሉዎት የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ሳያዩ ይላኩ። የፋይዳ 12 አኃዝ ቁጥርዎንም በቴሌግራም ቡድን ላይ ይለጥፉ። መንገድ ዳር ያገኙት ሰው መታወቂያ ስለጠፋብኝ ሲም ካርድ በስምህ አውጣልኝ ሲልዎት ያውጡለት። በዚያ ሲም ሌሎች እናቶች ሲዘረፉ በመዝገብ የሚገኘው የእርስዎ ስም ነው።

ወጣቶች ላይ የመጣው ግን ከዚህም ይብሳል። ሥራ ያጣ ልጅ ዘንድ አንድ ሰው ይመጣና «የባንክ ሂሳብህን ለአንድ ሳምንት አከራየኝ፤ 2,000 ብር እሰጥሃለሁ» ይለዋል። ልጁ የሰረቀው ነገር ስለሌለ ወንጀል አይመስለውም። የተዘረፈው ገንዘብ በሱ ሂሳብ ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል። ፖሊስ ገንዘቡን ሲከታተል መጀመሪያ የሚደርሰው የሂሳቡ ባለቤት ቤት ነው፤ የተከራየው ሰው በዚያን ጊዜ ስልኩን ዘግቷል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ማጭበርበርንም የሌላ ሰው ማንነት መስረቅንም በወንጀልነት ደንግጓል፤ በወንጀል የተገኘ ገንዘብ ማዘዋወርን የሚመለከት አዋጅም አለ። ለፖሊስና ለፍርድ ቤት «አላወቅሁም» ብሎ ማስረዳት ቀላል አይሆንም። ወንድም፣ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ያላችሁ ይህን አንድ ነገር ንገሩልኝ፤ ለ2,000 ብር የእስር ቤት በር እንዳያንኳኳ።

በችኮላ መዘረፍ የማይወድ ሰው ቀስ ብሎ የሚዘረፍበትም መንገድ አለ። «10,000 ብር አስገባ፣ በወሩ እጥፍ ውሰድ» የሚል ቡድን ውስጥ ይግቡ። የመጀመሪያው ትርፍ በእርግጥ ይከፈልዎታል፤ ማጥመጃው እሱ ነው። የሚከፈለው ከእርስዎ በኋላ ከገቡት ሰዎች ገንዘብ ነው። ቻርልስ ፖንዚ የተባለ ሰው በ1920 እ.ኤ.አ. ቦስተን ከተማ ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ ብዙ ሺህ ሰው አስገብቶ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሁሉም ፈረሰ፤ እሱም ታሰረ። ዘዴው ከመቶ ዓመት በኋላም አልተለወጠም፤ አሁን መተግበሪያ ተሠርቶለት ነው የሚመጣው። አንዳንዶች «እንደ ዕቁብ ነው» ይላሉ። በዕቁብ ሰብሳቢው የታወቀ ነው፣ ዋስ ይጠራል፣ የከፈሉትን ያህል ይወስዳሉ እንጂ ትርፍ የሚሰጥ የለም። እዚህ ግን ትርፉ የሚያድገው ሌላ ሰው ሲያመጡ ነው፤ ስለዚህ ሲፈርስ እህትዎንም የሥራ ባልደረባዎንም ይዘው ይወድቃሉ፤ ገንዘቡ ቀርቶ ዓይን ለዓይን መተያየት ይከብዳል። ሰው በማምጣት ሽልማት የሚያስገኝ እንዲህ ያለ የፒራሚድ ሽያጭ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው።

አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች ጥቂት ልጨምር። ዘጠኝ አኃዝ ያለውን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለደወለ ሁሉ ይስጡ። «ከኢሚግሬሽን ነው፤ ካልከፈሉ ይባረራሉ» ብሎ የሱቅ የስጦታ ካርድ ገዝተው ቁጥሩን እንዲያነቡለት ሲጠይቅዎት ይታዘዙ፤ ቅጣትን በስጦታ ካርድ የሚቀበል የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ግን አንድም የለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የክሬዲት መዝገብ ከሚይዘው ከኤኲፋክስ ኩባንያ ብቻ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ወጥቷል። የእርስዎም ሊኖርበት ይችላል። በስምዎ ሌላ ሰው ብድር እንዲወስድ ከፈለጉ በኤኲፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን ያለውን የክሬዲት መዝገብዎን ክፍት ይተዉት፤ ማዘጋት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ነጻ ነው፣ ሦስቱንም በየተራ ማነጋገር ግን ይጠይቃል።

የመጨረሻው እርምጃ ከሁሉ ይበልጣል፤ እሱን የፈጸመ ሰው ሌባውን ሁለት ጊዜ ያከብረዋል። ከተዘረፉ በኋላ ዝም ይበሉ። ያፍሩ። ባንኩ ጋ ነገ እደውላለሁ ይበሉ፤ የመጀመሪያዋ ሰዓት እንድታልፍ ይተዉ፤ ገንዘቡ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ተሻግሮ በጥሬው የሚወጣው በዚያች ሰዓት ነውና። መልእክቶቹን ያጥፉ፣ የደወለውን ቁጥር ይሰርዙ፣ ለፖሊስ የሚያሳዩት ማስረጃ እንዳይኖር። ቤተሰብዎ ውስጥ የተዘረፈ ሰው ካለ ደግሞ «አንቺ እንዴት ታምኛለሽ?» ብለው ይቆጧት፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲደርስባት አትነግርዎትም።

ብዙ እናቶችና አባቶች የተዘረፉት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። በትሕትና ላነጋገራቸው ሰው በትሕትና መመለስ ለምደው ስላደጉ ነው፤ ስልክ ጆሮ ላይ መዝጋት ነውር ነው ተብለው ነው ያደጉት። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ዛሬ ማታ ለእናትዎ ይደውሉላቸው። ኮድ የሚጠይቅ ሰው ጆሮ ላይ ስልክ መዝጋት ነውር እንዳልሆነ ከእርስዎ አፍ ይስሙ። የኢትዮ ቴሌኮምን 994 እና የሚጠቀሙበትን ባንክ የጥሪ ማዕከል ቁጥር፣ የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆኑ 951ን፣ በትልቁ ጽፈው ስልካቸው አጠገብ ይለጥፉላቸው። የሆነ ነገር ከደረሰም ሳያፍሩ፣ በዚያችው ደቂቃ ለእርስዎ እንዲደውሉ ይንገሯቸው።