ያ ቦይ

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ወርዶ የዓሳ ሾርባ የሚጠብቅ ሰው ብቻውን አይጠብቅም፤ አባ ኮዳዎችም አብረውት ይጠብቃሉ። ራሰ በራ ናቸው፤ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ ትከሻቸውን ሰብቀው ይቆማሉ። ዓሳ የሚበልቱት ልጆች የቆሮሶ አንጀት ሲወረውሩ ግን ዳኝነቱ እዚያው ላይ ያበቃል።

አብሮኝ የነበረው ወዳጄ ኩባ ያደገ ነው። ከኢትዮ ሶማሊያ ጦርነት ማግስት፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ወላጆቻቸው በጦር ሜዳ ከወደቁባቸው ልጆች ጋር ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ፣ ማለትም «የወጣቶች ደሴት»፣ ተወስዶ ግማሽ ቀን እየተማረ ግማሽ ቀን የፍራፍሬ እርሻ ላይ እየሠራ አደገ። አማርኛው ከተመለሰለት ቆይቷል፤ ሲናደድ ግን እስከ ዛሬ በስፓኒሽ ነው።

አጠገባችን ስፔናውያን ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። ሾርባ ያዘዙት ከእኛ በፊት ነው። አስተናጋጁ ልጅ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «መጣሁ!» ይላቸውና ይሄዳል። ባልየው በመጨረሻ የአማርኛ መማሪያውን ከኪሱ አወጣ። ወዳጄ ስፓኒሽ እንደሚችል ሲያውቅ ሊስመው ምንም አልቀረው።

«‹መጣሁ› ኃላፊ ጊዜ ነው ይላል መጽሐፉ» አለ። «ልጁ ግን እየራቀ ነው። ታዲያ የመጣው ማነው?»

«እናንተስ?» አለ ወዳጄ። «ሰው ሲጠራችሁ ‹ቦይ› አይደለም እንዴ የምትሉት? ‹እሄዳለሁ› ማለት እኮ ነው! የሚመጣ ሰው እሄዳለሁ ይላል?»

ስፔናዊው ለቋንቋው ተቆረቆረ። በእነሱ ዘንድ መምጣት ተናጋሪው ወዳለበት ነው፤ እኔ ተነስቼ ወዳንተ ካቀናሁ ሂያጅ እንጂ መጪ አይደለሁም። «ቦይ አ አዋሳ» ካለ ወደ ሐዋሳ ይሄዳል፤ «ቦይ አ ኮሜር» ካለ ሊበላ ነው፤ ሚስቱ ስትጠራው «ያ ቦይ» ካለ ወዲያው ከተፍ ይላል። ወዳጄ ግን አልለቀቀውም፤ ይሄ ግሳችሁ ከሦስት የላቲን ግሶች ተለቃቅሞ የተሰፋ ነው፣ ኃላፊ ጊዜውን «ፉይ»ን ብቻውን ብናየው እንኳ «ሄድኩ»ም «ነበርኩ»ም ነው፣ የሄደውን ከነበረው ሳትለዩ የኛን ልጅ ትከሳላችሁ ወይ አለው። እኔ በበኩሌ ሾርባው ቢመጣ የቱም ግስ አይከፋኝም ነበር።

ዓሳ የምትጠብሰው ሴት መጥበሻው ላይ ዘይት እየጨመረች ስታዳምጥ ኖሯል።

«ጋሼ፣ የቱን ቦይ ነው የሚፈልጉት?» አለች።

«ቦይ አይደለም የኔ እህት፣ ግስ ነው።»

«የሐይቁን ከሆነ መውጫ ቦይ የለውም በሏቸው። ጥቁር ውሃ ይገባል፤ ገብቶ ይቀራል።»

ልክ ናት፤ የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ የለውም። ወዳጄ ቃል በቃል ተረጎመለት። ስፔናዊው ጥያቄውና መልሱ በየት በኩል እንደተገናኙ ሳይገባው፣ ጨዋ ሰው ነውና፣ ደብተሩ ላይ ጻፈው።

በዚህ መሀል ሚስቱ ይብራ ፎቶ ልታነሳ ወደ ጀልባዎቹ ሄዳ ኖሮ ከዚያ ሆና ተጣራች። ባልየው ብድግ ብሎ እየሮጠ «ያ ቦይ! ያ ቦይ!» ሲል ልጆቹ ቢላቸውን ይዘው መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። አንድ ጎልማሳ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ጥሎ ተወርውሮ ክንዱን ያዘው። «ኧረ ቀስ በል ወንድሜ! የቱ ጋ ነው ቦዩ?» ስፔናዊው ይበልጥ ለማስረዳት ይበልጥ ጮኸ፤ «ቦይ! ቦይ!» ሌሎችም ደረሱ። ሚስትየው የያዙት ምን አጥፍቶ ነው ብላ ወደኛ ሮጠች። በስፓኒሽ ቢሆን «ቦይ» ማለት የነበረባት እሷ ነበረች።

ሾርባው ደረሰ፤ ሚጥሚጣው ሰዋስውን ለጥቂት ጊዜ አስረሳን። ገና ከግማሽ ሳያደርሱት ግን ሾፌራቸው ደወለ። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ተሰማ፤ «ደረስኩ፣ ደረስኩ! በቃ ደረስኩ!»

ሚስትየው ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቆመች። ባልየው ወዳጄን አየው፤ ወዳጄ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ስፔናዊው አስተናጋጁን ጠቅሶ ሁለተኛ ሾርባ አዘዘ።

«መጣሁ!» አለ ልጁ፣ ጀርባውን እየሰጠ።

ስፔናዊው ጫማውን አወለቀ።