ጨረቃን በጀርባዋ የመግዛት ጥበብ

አሽዶድ፣ ሮቫ ዩድ የሚኖሩ፣ ማሽካንታቸውን (የቤት ብድራቸውን) ከፍለው የጨረሱ፣ ልጆቻቸውም ከጦር ሠራዊት ተመልሰው የየራሳቸውን ቤት የያዙላቸው ሰው ከሆኑ፣ ገንዘብዎን የሚያጠፉበት ነገር መፈለግዎ አይቀርም። ጨረቃ ላይ የወጡትን ሰዎች የድሮ ፎቶግራፍ ይሰብስቡ። ቦታ አያጣብብም፣ መኖ አይጠይቅም፣ ጎረቤትም አይከስዎትም።

ምስሉ በነጻ እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ። ናሳ ለዓለም ሁሉ ስለለቀቀው የልጅ ልጅዎ ከስልኳ አውርዳ በጥቂት ሼቄል ታሳትመዋለች። እርስዎ ሺውን የሚከፍሉት ለጀርባው ነው። ስለዚህ ፎቶ ሲያቀርቡልዎ ፊቱን ሳያዩ ይገልብጡት። የዚያን ጊዜ ወረቀት ከሆነ የኮዳክ ስም በደብዛዛ ቀለም እየተደጋገመ ያልፍበታል፤ ብዙ ጊዜም ሐምራዊ መግለጫ አለው። ፊት ለፊት፣ ነጩ ጠርዝ ላይ፣ በግራ በኩል ከላይ የናሳ ቁጥር በቀይ ታትሞ ካዩ ደስታዎን ይዋጡት። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ፊትዎን አጨፍግገው ጉድለት ይፈልጉ።

ረቡዕ ረቡዕ ሊዶ ባሕር ዳር በሚቆመው ሹክ (ገበያ) አይድከሙ። የያፎው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ሹክ ፒሽፔሺም፣ ይሻላል። «አልቴ ዛኽን» እያለ በድምፅ ማጉያ የሚዞረውን መኪናም አይናቁ፤ የአዲስ አበባው ቆራሌው መኪና ገዝቶ መጣ ማለት ነው። ፎቶ ባያገኙ አሮጌ ፍሪጅ ያገኛሉ።

የሚገዙት ማንን እንደሆነ ማወቁ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ከ1969 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ጨረቃን የረገጡት 12 ሰዎች ናቸው፤ ገዢ ሁሉ የሚጠይቀው ግን የመጀመሪያውን፣ አርምስትሮንግን ነው። ችግሩ፣ ሐሴልብላድ ካሜራውን አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የነበረው እሱ ራሱ ነው። በየግድግዳው «አርምስትሮንግ» ተብሎ የተሰቀለው ጓዱ አልድሪን ነው። አርምስትሮንግን ካሻዎት አልድሪን ፊቱ ላይ ባጠለቀው መስታወት ውስጥ፣ ነቁጥ አክሎ ያገኙታል። በዚያ ካሜራ የተነሣለት ደህና ፎቶ ቢኖር በመንኮራኩሩ ጥላ ውስጥ ቆሞ ሲሠራ ነው፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቶ። ለጀርባ ገንዘብ የሚከፈለው በከንቱ እንዳልሆነ አሁን ገባዎት?

ገዝተው ሲገቡ ሳሎን ልስቀል እንዳይሉ። አሽዶድ የባሕር ከተማ ናት፤ እርጥበቷና ፀሐይዋ ተባብረው የዚያን ዘመን ባለቀለም ፎቶ አጥፍተው ጨረቃን ቀይ አፈር ያደርጉብዎታል። ደግሞስ ከተሰቀለ ጀርባው ወደ ግድግዳው አይደል? የከፈሉበትን ግድግዳው ሲያነበው ሊኖር ነው። ደረቅና ጨለማ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበት፤ እርስዎም አይዩት።

የሚያወጡት ምናልባት በሰንበት ዘመድ ሲመጣ ነው። አገር ቤት ሳሉ አዲስ ጨረቃ በታየች ቁጥር በዓሏን ሲያከብሩ የኖሩ እናት ፎቶውን ተቀብለው ያገላብጡና «የማን ልጅ ነው? ፊቱንስ ምን ሆኖ ሸፈነ?» ይላሉ። ስለ ቀዩ ቁጥር ለማስረዳት አይሞክሩ።

ለእሳቸው የሚሆን አንድ አለ፤ በማንኛውም ዋጋ ይግዙት። በሚያዝያ 1972 በአፖሎ 16 የሄደው ቻርሊ ዱክ ከሚስቱና ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር የተነሣውን ፎቶ በላስቲክ ሸፍኖ የጨረቃ አፈር ላይ አኖረና ፎቶ አነሣው። ጀርባው ላይ ቤተሰቡ ፈርመውበታል፤ የሰብሳቢ ምኞት ከዚህ ወዲያ የለም። ዋናው እዚያው ቀርቷል፤ የጨረቃ ቀን ሙቀት ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚያልፍ እስካሁን ባዶ ወረቀት ሳይሆን አይቀርም። እርስዎ የሚገዙት የፎቶውን ፎቶ ነው።

እናት መነጽራቸውን አስተካክለው «እንዲህ ነው እንጂ፣ እነዚህስ ሰው ናቸው» ይላሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ታዲያ ልጆቹን እዚያ ጥሎ የመጣው ለማን ነው?» ብለው ስለሚጠይቁ፣ መልስ ከወዲሁ ያዘጋጁ።