አንቱ እንደተባባሉ

ከደብረ ታቦር ዓርብ ንጋት ላይ የተነሳው ቅጥቅጥ ጉና ግርጌ ሲደርስ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ተጠባባቂ ተብሎ የወረደው ጎማም ተንፍሶ ተገኘ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ የጉናን ቁር ያልቀመሰ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ሌሊቱን መኪናው ውስጥ ተጠጋግተን አደርን። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የድንች ጆንያ የጫነ አይሱዙ አነሳን። አርብ ገበያ ስደርስ ስሟን የሰጣት ገበያ ከተበተነ አድሯል፤ ሜዳው ላይ የቀረው ጭድና የአህያ ፋንድያ ነበር።

የሄድኩት ዙር አባን ለማየት ነው። ቅዱስ ያሬድ ዝማሬን የደረሰበት ቦታ ተብሎ የሚነገርለት፣ እስከ ዛሬም የዝማሬ መዋሥዕት መምህር መሆን የሚፈልግ ሁሉ የሚያስመሰክርበት ገዳም ነው። አጎቴም እዚያ ነው የተመረቁት። መሪጌታ ናቸው፤ አገሬው የኔታ ይላቸዋል፣ እኛ ዘመዶቻቸውም ከየኔታ ሌላ ስም አናውቅላቸውም። በቅሎ እንደሚያገኙልኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ቤታቸው ስገባ የበቅሎዋ ባለቤት መደቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ከዓባይ ማዶ፣ ከሞጣ በኩል፣ ሰባራ ድልድይን ተሻግረው የሚመጡ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ዓርብ ያልተሸጠችውን በቅሎ ይዘው የቆዩት ሰንበትን አክብረው ነው።

“በቀዳሚት ሰንበት መንገድ?” አሉኝ እጄን ሳይለቁ። ስለ ጎማው ነገርኳቸው። “እንግዲያማ አንተ ምን ታደርግ” ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ቅዳሜን ስለማክበር ሳስብ ደብረ ምጥማቅ ትዝ ይለኛል። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ቅዳሜም እንደ እሑድ ትከበር በማለታቸው መቶ ዓመት ያህል ተገፍተዋል፤ ክህነት እስከ መከልከል ደርሰዋል። በ1442 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠርተው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። የተገፉት ሰዎች የያዙት ሥርዓት ዛሬ የሁላችን ሥርዓት ነው። ያን ምሽት ይህን አስቤ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። አላሰብኩም።

ከሽሮው በኋላ ቡና ቀረበ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ካቆሙበት የቀጠሉ በሚመስል አነጋገር ጀመሩ። ሳዳምጥ ቆይቼ ነው የገባኝ። እንግዳው የቅብዐት ሰው ናቸው።

ነገሩ ይህ ነው። ቃል ሥጋ ሲሆን ሥጋ የከበረው በምን ነው? እኛ በተዋሕዶ ነው እንላለን፤ ቃል ከሥጋ ጋር መዋሐዱ ራሱ ቅብዐት ነው፣ ጭማሪ አይሻም። ቅብዐቶች ሥጋ የከበረው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው ይላሉ፤ ክርስቶስ ማለት የተቀባ ማለት ነውና፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቁጥር 38ንም ይጠቅሳሉ። የጸጋ ልጅ የሚባለው፣ ልደቱን ሦስት ብሎ የሚቆጥር ሦስተኛ ወገንም ነበረ። የእኛን ወገን ካራ ያሉት ሦስተኛውን ልደት ቆርጦ ስለጣለ ነው። ሦስቱም የኬልቄዶንን ጉባኤ አይቀበሉም፤ ቅዳሴያቸው አንድ ነው፣ ጾማቸው አንድ ነው። ጥያቄው የገነነው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን ጋር በተደረገው ክርክር ነው። በ1624 ዓ.ም. የቀደመችው ሃይማኖት ተመለሰች፣ ኋላም ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ ጥያቄው ግን ከእኛው ጋር ቀረ።

የሽማግሌዎቹ ክርክር አካሄድ ነበረው። የኔታ ከመመለሳቸው በፊት “አንቱ ያሉት እንዲህ ነው” ብለው የእንግዳውን ቃል ይደግማሉ፤ እንግዳው “አዎ፣ ብያለሁ” ካላሉ አይቀጥሉም። እንግዳውም እንዲሁ ያደርጋሉ። የእኛ አንድምታ እኮ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ አንዱን ትርጓሜ ይሰጥና “አንድም” ብሎ ሌላውን ከጎኑ ያስቀምጣል። ጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት ተብላ በትርጓሜ ተለይታ ኖራለች፤ ላይ ቤትን ከቤተ ክርስቲያን ያስወጣው የለም። በእርግጥ ይኼኛው ክርክር ከአንድምታ ይከብዳል፤ የሃይማኖት ሥር ነው። ለዚያም ይሆናል ሁለቱ ሰዎች ቃላቸውን እንደ ስንዴ እያበጠሩ የሚናገሩት።

እኔ አዲስ አበባ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ። ስለ ቅብዐት ያነበብኩት በነቀፋ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ በዓይኔ አንድም የቅብዐት ሰው አይቼ አላውቅም። እንግዳው የሐዋርያት ሥራን ጠቅሰው የኔታ ለመመለስ ሲያስቡ፣ ዝምታቸው መሸነፍ መሰለኝ። ደሜ ፈላ።

“ይሄ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተዘጋ ነው! አንተ መናፍቅ ነህ!” አልኩ።

አንተ። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው፣ በአጎቴ መደብ ላይ፣ አንተ አልኳቸው።

እንግዳው ስኒውን አስቀመጡ። “የኔታ፣ መሽቷል” ብለው ተነሱ። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሌላ ቤት አደሩ፤ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ በቅሎዋን ይዘው ወደ ስማዳ፣ ወደ ወገዳ ገበያ ወረዱ። የኔታ አልተቆጡኝም። “ጉባኤዬን አፈረስክብኝ” አሉኝና ዳዊታቸውን ከፈቱ።

በቅሎ የለኝም። መሪ ልጅ ልስጥህ ቢሉኝ ከኀፍረቴ የተነሳ እምቢ አልኩና ወደ ዙር አባ ብቻዬን ወጣሁ። የጋይንትን ገደል ለሚያውቅ የሆነውን መንገር አያስፈልግም። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ሰፊውን ያዝኩ፤ ሰፊው የከብት መንገድ ኖሮ ወደ ሸለቆ አወረደኝ። ሲመሽ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለኝ። ውሾች ከበቡኝ፤ ድንጋይ እየወረወርኩ ስጮኽ ደበሎ የለበሱ ሁለት ልጆች ዱላ ይዘው ደረሱልኝ። የአብነት ተማሪዎች ናቸው። ጎጇቸው አስገቡኝና ከአኩፋዳቸው ለምነው ያገኙትን ቁራሽ አካፈሉኝ። አንዱ የጋይንት ልጅ ነው። ሌላው ጎጃሜ ነው፤ ቤተልሔም ገዳም ድጓ ሊማር ነው የመጣው። “እሱ ደግሞ ድጓውን ሲጨርስ እኛ አገር ለቅኔ ይሄዳል” አለኝ በጓደኛው ትከሻ ላይ እጁን ጥሎ። እነዚህ ልጆች ዓባይን የሚሻገሩት እንዲህ ነው፤ ለድጓ ወዲህ፣ ለቅኔ ወዲያ። ነገሥታቱ ስለ ቅብዐትና ተዋሕዶ ሲዋጉም ተማሪው ይሻገር ነበር።

እየተጎተትኩ ስመለስ የኔታ እግሬን በሞቀ ውኃ እያሹ የራሳቸውን ባት ገልጠው አሳዩኝ፤ የቆየ የውሻ ንክሻ ነው። ሞጣ አካባቢ ቅኔ ሲማሩ የተነከሱት ነው። ውሻውን ያባረሩላቸው፣ ቁስሉንም ሲያጥቡ የከረሙት እንግዳው ናቸው። ያኔ ሁለቱም ልጆች ነበሩ። “ከዚያ ቀን ጀምሮ እንከራከራለን” አሉኝ። “አላመንኳቸውም፣ አላመኑኝም። ቦሩ ሜዳን ጠራህ። የተወሰነው ልክ ነው፤ እኔም የማምነው እሱን ነው። ነገር ግን ያን ጉባኤ የዘጋው ንጉሥ ነው። እኔና እሳቸው ንጉሥ የለንም።”

ይህን ቃል ይዤ ብዙ ቀን ተኛሁ። ንጉሥ የገባበት ክርክር መጨረሻው ምን እንደነበረ ከታሪክ አውቃለሁ። በ1713 ዓ.ም. ጎንደር ላይ፣ ቅብዐትን በደገፉት በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተገድለዋል። በ1846 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ፣ የኋላው ቴዎድሮስ፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ሆነው አምባጫራ ላይ ተዋሕዶን አወጁ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ምኒልክ ባሉበት ቦሩ ሜዳ ላይ የመጨረሻውን ዐዋጅ አደረጉ። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ዐዋጁ ያጸናው እምነት እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ከመቶ አርባ ዓመት በኋላም እንግዳው ከነጥያቄያቸው መደባችን ላይ ተቀምጠዋል። ዐዋጅ አልመለሰላቸውም፤ ሊመልሱላቸው ሲያስቡ የነበሩት የኔታ ናቸው፣ እሳቸውን ደግሞ እኔ አቋረጥኳቸው። ሳላስበው እኔም እንደ ንጉሥ ነበር የገባሁት።

የመጀመሪያው ዓርብ መጣ። እያነከስኩ እስከ ከብት ተራ ድረስ ወጣሁ፤ የሉም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅሁ። የጾሙ ሰዓት ደርሶ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን ተመለስኩ። ወደ አዲስ አበባ መመለሻዬ ደርሶ ነበር፤ ለመሥሪያ ቤቴ ደውዬ እግሬን ምክንያት አደረግሁ። እግሬ ግን እየዳነ ነበር።

በሁለተኛው ዓርብ ረፋድ ላይ ከበቅሎዎቹ መካከል አየኋቸው። ያቺ በቅሎ አሁንም አልተሸጠችም። ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። “አባቴ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ” አልኩ። ሰዎች ይመለከቱናል። ብብቴ ስር ይዘው አነሱኝ።

“እግዜር ይቅር ይበልህ” አሉ። ልጓሙን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩና በደንብ ተመለከቱኝ። “ለመሆኑ፣ የሐዋርያት ሥራን ምን ልትልበት ነበር? ሳትነግረኝ ነው የሰደብከኝ።”

የምለው አልነበረኝም። እሳቸው ግን በቅሎዋን ከግራሩ አሰሩ፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።