ለቡ ውስጥ ምን ይደበቃል?

የእህቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። «ጋሼ፣ ለሠርጉ ስመጣ የትኛውን ልያዝ? ትንሽ፣ ቀለል ያለ፣ ማንም የማይነቃበት ቢሆን ደስ ይለኛል» ይላል። ሦስቱም ቬፕ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ናቸው። ለምን እኔን እንደመረጠ ገብቶኛል፤ በዘመድ አዝማዱ መካከል ኒያላ አጭሶ በማቆም የታወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያላቆሙት አይታወቁም።

አንደኛው ቁርጥ ፍላሽ ዲስክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ብልሃት ሳይሆን አይቀርም፤ የሰው ፍላሽ ማን ይነካል? እኛ በምንኖርበት ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ፍላሽ የግል ንብረት ሆኖ አያውቅም። ጠረጴዛ ላይ ባረፈ በሩብ ሰዓት ውስጥ አንዱ የአክስት ልጅ የሠርግ ፎቶ ሊገለብጥበት ላፕቶፑ ላይ ሊሰካው ይታገላል። አልገባ ሲለው ክዳኑን በጥርሱ ይፈለቅቃል። «ቫይረስ በልቶታል» ብሎም ይፈርዳል፤ አፉ ግን የፈረንጅ ከረሜላ ከረሜላ ይላል።

ሁለተኛው ብዕር ነው፤ ኪስ ላይ የሚሰካበት መቆንጠጫ ሳይቀር አለው። ይህን ሳይ የእድራችን ጸሐፊ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። እኚህ ሰው መዝገብ እንጂ እስክሪብቶ ይዘው ከቤታቸው ወጥተው አያውቁም። እንግዳ ሲመጣ አስቀድመው የሚያዩት የደረት ኪሱን ነው። «እስቲ ልጄ፣ አንድ ጊዜ አቀብለኝ» ይላሉ፤ ማን እምቢ ይላቸዋል? ውዝፍ ሲደምሩ ደግሞ የእስክሪብቶውን ጫፍ ነከስ፣ ሳብ፣ ነከስ የማድረግ ልማድ አላቸው። ከእነዚህ ዕቃዎች ብዙዎቹ ማብሪያ የላቸውም፤ ሲስቧቸው በራሳቸው ይነቃሉ። ባትሪው ሽቦዋን ያግላል፣ ሽቦዋ ጥጡ የጠጣውን ግሊሰሪንና ኒኮቲን ታተነዋለች፣ አለቀ። የሦስት ወር ቅጣት እየተደመረ ሳለ ከጸሐፊያችን አፍንጫ የእንጆሪ ጉም ቦለል ሲል ታየኝና ለብቻዬ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ስንቱ አባል ውዝፉን ይከፍላል?

ሦስተኛው የከንፈር ቀለም ይመስላል። ስለ እሱ አልናገርም። ሠርግ ቤት ነው፣ ሚዜዎች አሉ።

የዕቃው ነጋዴዎች የሳቱት ይህን ነው። ሌላ ነገር አስመስሎ መደበቅ የሚያዋጣው ሰው የሰው ዕቃ በማይነካበት አገር ነው። እኛ ዘንድ አንድ ዕቃ ጠቃሚ በመሰለ ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዘመናዊውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ ፋርማሲስት ያሰበው ከሲጋራ መላቀቅን ነበር፤ ድብብቆሹ ኋላ የመጣ ገበያ ነው። ጋያ የሚያጨሱ የድሮ እናቶች ውኃው ሲንቦቀቦቅ ጎረቤት እየሰማ ነበር የሚስቡት። የኪስ ጋያ ይሠራልኝ ያለ አልነበረም።

ጉዞው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ይችላል ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ቬፕን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማድረግ በዓለም አቀፍ ደንብ ተከልክሏል፤ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። አውሮፕላኑ ውስጥ መሳብም ቻርጅ ማድረግም አይቻልም። የእጅ ሻንጣ ደግሞ እኛ ቤት መጀመሪያ የሚበረበረው ነው፤ ሽቶውና ቸኮሌቱ እዚያ እንዳለ አክስቶቹ ጠንቅቀው ያውቃሉ። በዚያ ላይ ከፍታው ላይ የአየር ግፊቱ ሲቀንስ በቬፑ ቋት ውስጥ የቀረው አየር ይለጠጥና ፈሳሹን ወደ ውጭ ይገፋል። ልጁ ቦሌ ሲወርድ የሠርግ ሸሚዙ ማንጎ ማንጎ ሊል ነው።

ሕግም አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወደ አገር ማስገባትንም መሸጥንም ከልክሏል። ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስም ክልክል ነው፤ ከበርና ከመስኮቱም 10 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። እስቲ ለቡ ሙዚቃ ቤት ጋ ቁምና 10 ሜትር ራቅ! ከካፌው በር ስትሸሽ ፋርማሲው በር ላይ ትደርሳለህ፤ ከፋርማሲው ስትሸሽ ዳቦ ቤቱ ይቀበልሃል። አዋጁን አክብሮ የሚያጨስ ሰው አስፋልቱ መሃል ሊቆም ነው፤ እዚያ ደግሞ ሚኒባስ አለ።

ልጁ ይህን ሁሉ ጽፌለት ተስፋ አልቆረጠም። «ከሠርጉ በኋላ ድሬዳዋ እሄድ የለ? ባቡር ላይስ?» አለኝ። የጅቡቲው ባቡር ከፉሪ ለቡ ጣቢያ እንደሚነሣ ሰምቷል፤ ከቤታችን ቅርብ ነው። የሕዝብ ማመላለሻም አዋጁ ውስጥ እንዳለ ነገርኩት። ባይኖርስ? ወንበሮቹ ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው። አዳማ ሳትደርስ የተሳፋሪዎቹ ምሳ ይፈታል፤ ለመጉረስ አፍህን ስትከፍት ስንት ሰው እንደሚያይህ አስበው። ሽታው ከወጣማ «ማንጎውን ብቻህን ነው የምትበላው?» መባሉ አይቀርም።

በመጨረሻ ቬፑን እዚያው ትቶ የኒኮቲን ማስቲካ ይዞ መጣ። ባለ 2 ሚሊግራምና ባለ 4 ሚሊግራም ተብሎ ፋርማሲ የሚሸጠው፣ ሲጋራ መተው የሚፈልግ ሰው የሚያኝከው ነው። አመራረጡን ወደድኩለት። ብቻ ማስቲካ መሆኑን ሁለታችንም አላሰብንበትም። ገና ሳሎን ተቀምጦ መንጋጋውን እንዳነቃነቀ የሕፃናቱ እጅ ተዘረጋ። አያቱ ሳይቀሩ «ለእኔም አንዷን፣ አፌን ላጣፍጥባት» አሉ። ልጁ ደነገጠና ኪሱን ይዞ «አይሆንም እማማ፣ መድኃኒት ነው» አላቸው።

መድኃኒት! ከራት በፊት ወሬው ከእኛ ብሎክ አልፎ ነበር። በማግስቱ አንዷ ጎረቤት በሃይላንድ ጠበል ይዘው መጡ፣ ሌላዋ የሚያውቁትን ሐኪም ስልክ ሰጡት። «ያን የመሰለ ልጅ ምን አገኘው?» ያላለ የለም። ሠርጉ ዕለት ሙሽሮቹን ስሞ የጨረሰ ሰው ሁሉ ሌላ ሰልፍ ሠርቶ የእሱን ጤና ይጠይቅ ነበር።